ቆቡን ይዤው እሄዳለሁ

ይህን የሚጽፈው እጅ የሶሬቲ ነው፤ የሒሳብ ክፍሏ ሶሬቲ። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ የሙነወር እንድሪስ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ድንጋይ ነው የቆረጥኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ስትሰበሰቡ እሷ ታነብላችኋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፊታችሁን አያለሁ። ራሴ ቆሜ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳሉ አያስጨርሰኝም። እናንተም «አይዞዎት ጋሼ፣ ይብቃዎት፣ ይቀመጡ» እያላችሁ አፌን ትዘጉታላችሁ። ሶሬቲን ግን የሚያስቆማት የለም።

ክቡራትና ክቡራን። እንዲህ ተብሎ ነው የሚጀመረው ያለችኝ እሷው ናት። ይሁን፣ ክቡራን ናችሁ። ከጥቂቶቻችሁ በቀር።

በመጀመሪያ ለጡረታዬ ስለደገሳችሁልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጋቢ እንደገዛችሁልኝ ሰምቻለሁ፤ ምስጢር መያዝ የማትችሉ ሰዎች ናችሁ። ለኔና ለሃይደር ለብቻው የሚታረድ በግ እንዳሰባችሁም ሰምቻለሁ። አላህ ይስጣችሁ። ሰው ሲሄድ ታውቁበታላችሁ። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ሰው ሲሄድ ታውቁበታላችሁ።

እዚህ ገርጂ ሜዳ ላይ ይህ የእብነ በረድ ፋብሪካ ሲተከል ዙሪያው ገብስና ጭቃ ነበር። ከዛሬው ባለቤት ከአቶ ነህምያ አባት ጋር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአንድ መጋዝ ነው የጀመርነው። ዛሬ ሲኤምሲ ባሉት ቪላዎች ደረጃ ላይ፣ አትላስ ባሉት ሆቴሎች ወለል ላይ የኔ እጅ አለበት። ያማረ ጫማ አድርጎ የሚራመድበት ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚረግጠኝ። አልከፋኝም። ድንጋዩን አሳምሬ ቆርጬዋለሁ። ከኔ የተሻለ ቆራጭ ያየ ካለ አሁን እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም።

ግን ራሴን ላወድስ አይደለም ሶሬቲን ምሳ ሰዓቷን የወሰድኩባት። ስለ ሰኞ ነው።

ዛሬ ቤተሰብ ስለመጣ፣ ነገሩን ለማያውቀው ከሥሩ ላስረዳ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እጅ ያወጣል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። ከያንዳንዳችን ደመወዝ በየወሩ ትንሽ ይቆረጥ፣ ድርጅቱም የዚያኑ ያህል ከኪሱ ይጨምር፣ የታመመ ሰው በዚያ ይታከም። የሕክምና ኢንሹራንስ ይሉታል። ችግሩ ግዴታ መሆኑ ነው። ወይ ሁላችንም እንገባለን፣ ወይ ማንም አይገባም። ኢንሹራንሶቹ እንዲህ ነው ያሉት፤ የፈለገ ብቻ ይግባ ከተባለ የሚገባው በሽተኛው ብቻ ነው፣ ገንዘቡ በሦስት ወር ያልቃል። ይህን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ሐሙስ ሻይ ክበብ ውስጥ የተባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያልነበሩት ይስሙ።

በዳሳ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ጉልበታም ነው፣ ጠረጴዛ የሚያህል ድንጋይ ብቻውን ያነሳል።

«ጋሼ፣ ግዴታ የሚባል ነገር ከደርግ ጋር ሄደ ብለን ነበር እኮ! ለእናት አገር ሲቆርጡን፣ ለድርቅ ሲቆርጡን፣ ለዘመቻ ሲቆርጡን ኖረው፣ አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው ኩላሊት?»

ሳቃችሁ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

«እኔ ከተወለድኩ ሐኪም ቤት ደርሼ አላውቅም» አለ ደግሞ፣ ደረቱን እየመታ።

«በዳሳ» አልኩት። «ዕድር አለህ?»

«አለኝ።»

«በየወሩ ትከፍላለህ?»

«እንዴታ! ካልከፈልኩማ ይቀጡኝ የለ?»

«ሞተህ ታውቃለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሸነፍ አለ። «ጋሼ ሙት፣ ያ ሌላ ነው!»

ምኑ ነው ሌላው? እስካሁን የነገረኝ የለም። «እኔ አልሞትኩም፣ አልከፍልም» ብሎ ከዕድር የወጣ ሰው አውቃለሁ የሚል ይንገረኝ። ለመቀበር በግዴታ ስትከፍሉ ኖራችሁ፣ ላለመቀበር ሲሆን ነፃ ሰዎች ነን አላችሁ።

ስለ ደርግ ያነሳው ግን እውነት ነው፣ አልክድም። ያን ጊዜ የተቆረጠብን ሄደ፤ የት እንደደረሰ የነገረን የለም። አንዴ በጅብ የተነከሰ ሰው እግሩን ለውሻም አያወጣም። ስለዚህ ሰኞ ገንዘቡን ማን እንደሚይዘው፣ በዓመት ስንቴ እንደሚነገራችሁ ጠይቁ። በደንብ ጠይቁ። መጠየቅና እምቢ ማለት ግን አንድ አይደሉም።

ሃይደርም ተናገረ። ወንድሜ ነው፣ የአገሬ የወሎ ልጅ ነው። «በሃይማኖታችን ኢንሹራንስ አይፈቀድም ይባላል» አለ። ኢማሙን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዓሊሞቹ የሚለያዩበት ነገር ነው አሉኝ፤ ብዙ ነገር አስረዱኝ፣ ግማሹ ገብቶኛል። እኔ የምለው ይህን ነው። ሃይደር፣ ከልብህ ካስጨነቀህ አንተም ሂድና ጠይቅ፣ የሚሉህን ፈጽም፣ እኔም አከብርሃለሁ። ግን ሃይማኖትህ ትዝ የሚልህ ደመወዝህ ሲነካ ብቻ አይሁን።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ አቶ ነህምያ። አቶ እልሃለሁ፣ አንተም እልሃለሁ፤ እርስዎ የምለው አባትህን ነበር። አንተ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመህ «ጋሽ ሙነወር፣ ጤና የግል ጉዳይ ነው፤ ድርጅቱ የሚጨምረው በደግነት መሆኑ ይታወቅ» አልክ። እኔም ጠየቅኩህ። ድንጋዩ ያንተ ነው። መጋዙ ያንተ ነው። አቧራው የማን ነው? አቧራውን የሚያስተኛው ውሃ በጠፋ ቁጥር «በደረቁ ቁረጡ፣ ደንበኛ ይጠብቃል» የሚለን ማን ነው?

ያን ጊዜ አውሮፕላን በላያችን ያልፍ ነበር፣ እንደ ወትሮው ሁላችንም ዝም አልን። አውሮፕላኑ ቦሌ ወርዶ ሳያርፍ አንተ ወደ ቢሮህ ገብተህ ነበር።

ክፉ ልጅ አይደለህም። ሌሎቹ ባለ ፋብሪካዎች ግማሹንም አንከፍልም ሲሉ አንተ እከፍላለሁ ብለሃል። ግን በደግነት አትበል። ደግነት የፈለገ ቀን ይመጣል፣ ያልፈለገ ቀን ይቀራል። ግዴታ ከሆነ ላንተም ግዴታ ነው።

ይኼ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው ያ ቃል የመጣው። ማን እንዳለው አልናገርም፣ ሁላችሁም አጨብጭባችሁለታልና የሁላችሁም ቃል ነው። «ኢንሹራንስ ምን ያደርግልናል? እኛ ቆቡ ይበቃናል!»

ቆቡ የኔ ነው። የሱፍ ቆብ ነው፣ ጥቁር ነበር፣ አሁን የአመድ መልክ ይዟል። ድሮ አንድ ቆራጭ ጣቱን መጋዝ ሲወስደው ከራሴ ላይ አውልቄ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲታመም ይዞራል። ወጉን ለእንግዶቹ ልንገር። ሁሉም እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ዘርግቶ ያወጣል። ያለው ያለውን ይጥላል፤ የሌለው ባዶ ጭብጡን ያስገባል። ማን ምን እንደሰጠ አይታወቅም። እጁን ሳያስገባ የሚያልፍ ግን የለም። ድሃ እንዳያፍር ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው። ይህን ወግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም አላፍርበትም።

ሻይ ክበቧ ፀሐይነሽ የታመመች ጊዜ ቆቡ ሞልቶ እንደገና ዞረ። ፀሐይነሽን ማን ይጠላል? ሻይ በዱቤ ትሰጣለች።

ካሳዬስ?

ሶሬቲ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ።

ካሳዬን ለማታውቁት፣ የመጋዘን ኃላፊያችን ነበር። አዲስ ጓንት ስትጠይቁት «አሮጌውን አምጣ» ይላል። አሮጌው ጠፋ ብትሉት «እንግዲያው እጅህም ይጥፋ» ይላል። ክፉ አፍ ነበረው። ለአንድ ጓንት ከእናቱ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ከኔም ጋር ስንት ቀን ተጣልተናል። ግን ከዚህ ግቢ አንዲት ምስማር ቤቱ አልወሰደም፤ ይህንንም አብራችሁ አስታውሱ።

ያለፈው ክረምት ኩላሊቱ ታመመ። ተኝቶ መታከም አለበት ተባለ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ መያዣ ካልከፈልክ አልጋ የለም አለው። ቆቡን አዞርን። ሁላችሁም ነበራችሁ። አንድ ሰው አልቀረም። ሁላችሁም በየተራ ጨብጣችሁ አስገባችሁ፣ ዘርግታችሁ አወጣችሁ።

የሚያደርሰው ሰው አይቆጥርም፤ ይህም ወጉ ነው። እኔ አልቆጠርኩም። መቁጠር አላስፈለገኝም፣ ቆቡ አልከበደኝማ። ጎንበስ ብዬ ሳየው እኔ የጣልኩት ብር አለ፣ ጥቂት ሳንቲም አለ። ከሳንቲሙ መሀል ደግሞ የተቆረጠ የአሮጌ ጓንት ጣት አለ።

ማን እንዳስገባው አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። እሱ ያውቃል።

የሳቅ ጊዜ አይደለም ይህ፤ የሳቀ ካለ ሶሬቲ ማንበቧን ታቁም።

እኔ እንዲህ ነው የማስበው። ሁላችሁም ክፉ ሆናችሁ አይደለም። እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ «እኔ ባልሰጥ ሌላው ይሰጠዋል» አላችሁ። «ለካሳዬ ለዚያ ምላሰኛ የኔ ይቅርበት» አላችሁ። ጭብጥ እኮ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። ድሃ እንዳያፍር ያበጀሁትን መሸፈኛ ንፉግም ተከናነበው። እኔ ወጉን ሳወጣ ያሰብኩት የምንወደው ሰው እንደሚታመም ነው። በሽታ ግን የምንወደውን አይመርጥም።

ጓንቱን አውጥቼ ጣልኩት። ቤቴ ሄጄ በቆቡ ውስጥ የጨመርኩት ነገር በኔና በአላህ መካከል ነው፤ መያዣውን ግን አልሞላም። ኮተቤ ቤቱ ወሰድኩለት። ሚስቱ አሰገደች በሩን ከፈተችልኝ። ካሳዬ ተኝቷል፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠብቧል። ቆቡን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

«ጋሽ ሙነወር፣ እነዚያ ልጆች ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«ሁሉም?»

ምን ልበለው? «ሁሉም እጁን አስገብቷል» አልኩት። ሐሰት አይደለም።

ወደ ግድግዳው ዞረ። «እኔ እኮ የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ደግሞ፣ «ከዳንኩ ጓንቱን ዝም ብዬ ነው የምሰጣቸው። አሮጌውን አልጠይቅም» አለ። አሰገደች ሳቀች። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ብዙ ቀን እንደሆነው ከድምፅዋ አወቅኩ።

ልወጣ ስል ጠራኝ። «አደራ ጋሼ፣ አንድ በአንድ አመስግንልኝ። በጅምላ አይደለም። አንድ በአንድ» አለኝ።

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ካሳዬ አልጋ ሳያገኝ መስከረም ሲጠባ ሞተ። በጊዜ ቢገባ ይድን ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም። ያለ አልጋ ግን እንደማይድን አሳየን። በቀብሩ ጊዜ ያን ቆብ እንደገና አዞርነው። ታስታውሳላችሁ? ሞልቶ መሬት ፈሰሰ። ብሩን ጠቅጥቄ ነው ለአሰገደች ያደረስኩት። ሁላችሁም ኮተቤ መጣችሁ፣ ድንኳኑ ሥር ተቀመጣችሁ፣ አለቀሳችሁ፤ የእውነት ነው ያለቀሳችሁት፣ አይቻለሁ። ሰው ሲሄድ ታውቁበታላችሁ ያልኩት ይህን ነው። ለበሽተኛ ጨብጣችሁ፣ ለሬሳ ትዘረጋላችሁ።

ምስጋናውን ይዤ ዓመት ዞርኩ። አንድ በአንድ ብሎኛል። አንዳችሁ ፊት ቆሜ «ካሳዬ አመስግኖሃል» ልል ስንት ቀን ተነሳሁ፤ የማመሰግነው ሰው ጓንቱን ያስገባው ቢሆንስ? እንደዚያ ሆኖ ዓይን ለዓይን ብንገጣጠምስ? አቃተኝ። ዛሬ ሁላችሁም በአንድ ቤት ተቀምጣችኋል፣ እኔም ፊታችሁን እያየሁ ነው። እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ ስምህን እንደጠራሁ አድርገህ ስማው። ካሳዬ አመስግኖሃል። ካሳዬ አመስግኖሻል። አደራው ከኔ ወረደ፤ ከእንግዲህ የእናንተ ነው።

እንግዲህ «ቆቡ ይበቃናል» የምትሉት ይህን ቆብ ነው። ኢንሹራንስ ሰው አይወድም፣ ሰው አይጠላም። ፀሐይነሽንም ካሳዬንም አንድ አድርጎ ያያል። እኔ ፊት ለፊት ልንገራችሁ፤ ፍቅራችሁን አላምነውም። ጥሩ ሰዎች ናችሁ፣ ግን ጥሩነታችሁ እንደ ገርጂ ውሃ ነው፤ በመጣ ቀን ይጥለቀለቃል፣ በጠፋ ቀን በደረቁ ነው። ሰኞ እጅ የምታወጡት ተዘርግቶ ነው፤ ጭብጥ አይቆጠርም። ማን አወጣ፣ ማን አላወጣ፣ ሁሉ ሰው ያያል።

ለራሴ እንዳይመስላችሁ። ኢንሹራንሱ ጡረተኛን አይጨምርም፤ ሰኞ እኔ የለሁም፣ እጄም አይቆጠርም። ደረቴን ፎቶ አንስተውኝ ነበር። ሐኪሙ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አሳየኝ፤ ነጭ በነጭ ነው። «ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት። «የድንጋይ አቧራ ነው አባባ» አለኝ። «በሉ አሳምራችሁ ከቆረጣችሁት አንድ ደረጃ ይወጣዋል» አልኩት። አልሳቀም። ልጅ ነው። ሲያረጅ ይስቃል።

የሚድን ነገር አይደለም አለኝ። እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። የበዳሳ ሳንባ ግን ገና ቀይ ነው። እኔም በሱ ዕድሜ ደረቴን እየመታሁ ነበር የማወራው።

ለኔ ቆብ እንዳታዞሩ። ካዞራችሁ አልቀበልም፤ የሙነወርን ኩራት ታውቃላችሁ። ደግሞም የምታዞሩት የላችሁም። ቆቡ የኔ ነው ብያለሁ፤ ዛሬ ከጋቢው ጋር ይዤው እሄዳለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚዞር ቆብ የለም። ሌላ ቆብ ገዝታችሁ እጃችሁን ጨብጣችሁ ልትቀጥሉ ትችላላችሁ፤ አልከለክላችሁም። የኔ ግን አይሆንም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ተናድጄ መሄድ አልፈልግም፤ ሽማግሌ ተናዶ ከወጣ ለቤቱ ጥሩ አይደለም።

አላህ በሽታን ከደጃችሁ ያርቀው። ካልራቀም ባዶ እጃችሁን አያግኛችሁ። መጋዙ ድንጋይ እንጂ ጣት አይልመድ። ውሃው አይጥፋባችሁ። በዳሳ፣ የልጅ ልጅ እስክታይ ድንጋይ ለማንሳት ያብቃህ፤ ደረትህን ስትመታ የሚሰማው ድምፅ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው ይሁን። ሃይደር፣ ወንድሜ፣ ከተቆጣሁህ አውፍ በለኝ፤ ሥጋውን አብረን እንበላለን። ፀሐይነሽ፣ ዱቤሽን ሁሉም ይክፈልሽ። አቶ ነህምያ፣ አባትህ ያቆሙትን ቤት አላህ ያስፋልህ፤ በውስጡ የሚሠራውንም ሰው ያቆይልህ። ካሳዬን ነፍሱን ይማር፤ አሰገደችን ያጽናት። ሁላችሁንም በጤና ሠርታችሁ፣ በራሳችሁ እግር ከዚህ በር ለመውጣት ያብቃችሁ።

አሜን በሉ። ጮክ ብላችሁ።

በቃ ሶሬቲ፣ ጨርሻለሁ። አፍንጫሽን ተናፈጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ያለሰለስሽው ቃል ካለ እሰማዋለሁ።